በውክልና የገዛኸው ሞተር የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ከአንድ የሰፈሬ ልጅ ያገለገለ ሞተር ገዝቻለሁ። ውልና ማስረጃ ሄደን ውክልና ሰጠኝ፣ ሊብሬውም እጄ ላይ ነው። ታርጋው ኮድ 2 ነው። ኢንሹራንሱና ቦሎው ገና አምስት ወር ይቀራቸዋል። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው ዴሊቨሪ ልሠራበት አስቤያለሁ። መንጃ ፈቃዴ የአውቶሞቢል ነው። ትራፊክ ቢያስቆመኝ ምን ይጎድለኛል? ኢንሹራንሱስ የግድ በእኔ ስም መሆን አለበት?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ብሩን ከመቁጠርህ በፊት ብትጠይቀኝ ደስ ባለኝ። አሁንም ግን አልረፈደም። ሞተሩን እስካሁን ዕቃ አላደረስክበትም፣ ሰውም አልነካህም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይስተካከላል።

አንተ የጠየቅከኝ ስለ ትራፊክ ነው። ትራፊክ የሚያይብህን በኋላ እነግርሃለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። ሊብሬው እጅህ ላይ መሆኑ ሞተሩን ያንተ አያደርገውም። በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ ዛሬም የሰፈርህ ልጅ ነው። አንተ የእሱ ወኪል ነህ። ውክልናው ላይ የተጻፈውን ረጋ ብለህ አንብበው፤ «እንዲያስተዳድር፣ ቦሎ እንዲያስለጥፍ፣ እንዲሸጥ እንዲለውጥ» ይላል እንጂ «ሸጬለታለሁ» አይልም።

ከተማችን ውስጥ በውክልና መግዛት የተለመደ ነው። ደላላውም «ስም ማዞሩን ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ፣ ለአሁኑ ውክልና ይበቃሃል» ይላል። ወጪ ይቀንሳል፣ ወረፋም ይቀራል። የሚያስከፍለው ግን ነገር ሲበላሽ ነው። ቢሮዬ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ስለሆነ የተበላሸውን በየጊዜው አያለሁ። ሁለቱን ልንገርህ።

አንደኛው የሻጭ ታሪክ ነው። አንድ አባት መጥሪያ ይዘው መጡ። ሞተራቸውን ከሦስት ዓመት በፊት በውክልና ሸጠዋል። ገዢው ደግሞ በውክልናው ለሌላ ሰው አስተላልፎታል። ያኛው ኢንሹራንስ ሳያድስ ሲነዳ አንዲት ጉልት የምትሸጥ እናት ገጭቶ እግሯን ሰበረ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእኚህ አባት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የነዳው ሰው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። ሰውየው «እኔኮ ሸጬዋለሁ» እያሉ አለቀሱ። የሽያጭ ውል ግን አልነበራቸውም። የነበራቸው የውክልና ኮፒ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የገዢ ነው፤ አንተን የሚመለከተው ይሄኛው ነው። ልጁ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ በውክልና ሁለት ዓመት ነዳ። ሻጩ በድንገት አረፈ። ውክልና ደግሞ ወካዩ ሲሞት ያበቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 ይህንን ይላል። ልጁ ቦሎ ሊያድስ ሲሄድ ወረቀቱ ዋጋ እንደሌለው ተነገረው። ወራሾቹ «ሞተሩ የአባታችን ነው» አሉ። ብሩን የከፈለው በእጅ በመሆኑ የባንክ ማስረጃ አልነበረውም። ከብዙ ድካም በኋላ በሽማግሌ ተስማሙ፣ እሱ ግን በላዩ ላይ ጨምሮ ከፈለ።

ሞት እንኳን ባይመጣ ሻጩ በፈለገ ቀን ውክልናውን መሻር ይችላል። የሰፈርህን ልጅ አላውቀውም፣ ጨዋ ሊሆን ይችላል። ጨዋ ሰውም ይጣላል፣ ይታመማል፣ ይሰደዳል። አበዳሪው ከስሶት ሞተሩ በስሙ ስለተመዘገበ ብቻ ሊታገድ ይችላል። ያኔ ዕዳው የእሱ፣ የሚታገደው ሞተር ግን የአንተ ይሆናል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት የምትደውለው ለእሱ ነው። «አንተ፣ እንጨርሰው» በለው። ለእሱም እንደሚጠቅመው ንገረው፤ የእኚያን አባት ታሪክ አጫውተው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፋይሉ ያለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለስልጣን ቅርንጫፍ ትሄዳላችሁ። እኛ አሁንም «መንገድ ትራንስፖርት» የምንለው ማለት ነው። እዚያ ክሊራንስ ይጠየቃል፤ ሞተሩ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት ነው። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ እዚያው ይወጣል። ለብድር ዋስትና ተይዞ እንደሆነም አጣራ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና የሚመዘገብበት የራሱ መዝገብ አለ። ሞተር እንደዚያ ተይዞ ባለቤቱ እጅ ሊቆይ ስለሚችል እጁ ላይ መሆኑ ከዕዳ ነፃ መሆኑን አያሳይም።

ወረቀቱ ሲመጣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ቁጭ ብለህ፣ በጨርቅ ጠርገህ፣ በእጅ ስልክህ መብራት አብርተህ ቁጥር በቁጥር አንብብ። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለህ አንድ እርምጃ ወደፊት እንዳትሄድ። የተሰረቀ ንብረት ይዞ መገኘት ፖሊስ ጣቢያ ያደርሳል። «በውክልና ነው የገዛሁት» ማለት ደግሞ እዚያ ብዙም አያግዝህም።

ከዚያ ወደ ውልና ማስረጃ ትመለሳላችሁ፤ አሁን ግን ለሽያጭ ውል ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም መፈረም አለባት። ይህ የቢሮ ቢሮክራሲ አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም ይላል። 500 ብር ዛሬ ምን ትገዛለች? ስለዚህ በትዳር ውስጥ የተገዛ ሞተር ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሳትስማማ ከተሸጠ ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ሽያጩ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። ሻጩ ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያቀርባል። መታወቂያችሁንና የግብር ከፋይ ቁጥራችሁን ያዙ። ዋጋውን ትክክለኛውን ጻፉ። ቀረጥ ለመቀነስ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የለመዱ አሉ። ውሉ ነገ ቢፈርስ ግን የሚመለስልህ የተጻፈው ነው። ቀሪ ክፍያ ካለ በባንክ አስተላልፍ። በእጅ የከፈልከውን ደግሞ ሻጩ መቀበሉን በፊርማው ያረጋግጥልህ።

የተረጋገጠውን ውል ይዘህ ወደ ባለስልጣኑ ተመልሰህ ስም ታዞራለህ። ሊብሬው በስምህ ሲወጣ፣ ያኔ ሞተር ገዛህ።

እስከዚያ ድረስ ሻጩን አንድ ነገር ለምነው፤ የእጅ ጽሑፍም ቢሆን የሽያጭ ስምምነት ጽፋችሁ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ፈርሙ። ይህ ስም ማዞሩን አይተካም። ግን ምንም ከሌለው ሰው ትሻላለህ።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። «በእኔ ስም መሆን አለበት ወይ?» ብለሃል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የመጣ ግዴታ ነው። ያለ እሱ መንገድ ላይ መውጣት ያስቀጣል፣ ቦሎም አይታደስም። የመድኑ ዓላማ በሞተርህ የተጎዳ ሌላ ሰው ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰው ብትገጭ የተጎጂው መብት በሻጩ ስም ባለው መድንም ይጠበቃል። ጣጣው የሚመጣው ለአንተ ነው። ውሉ ከሻጩ ጋር የተፈረመ ነው። የተሸፈነውም ኮድ 2፣ ማለትም ለግል አገልግሎት የሚውል ሞተር ነው። አንተ ደግሞ ዕቃ እያደረስክ ልትከፈልበት ነው። ኩባንያው ለተጎጂው ከፍሎ ሲያበቃ ዞር ብሎ «ውሌ ተጥሷል፣ የከፈልኩትን መልስልኝ» ሊል ይችላል። የሚመለከተው መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ወይም ሰክሮ ለነዳም እንዲሁ ነው።

እናም ስም ባዞርክበት ሳምንት ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሂድ። ውሉ ወደ አንተ እንዲዛወርና አገልግሎቱ ወደ ንግድ እንዲቀየር በጽሑፍ ጠይቅ። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍለው ገንዘብ፣ ይጨምራል። ጨምርና ክፈል፤ ከምትከፍለው ሁሉ እርካሹ እሱ ነው።

ሦስተኛ ወገን ማለት ምን እንደሆነ ግን በደንብ ይግባህ። ብዙ ሞተረኛ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ይተኛል። ይህ መድን ያንተን እግር አይሸፍንም። ያንተን ሞተርም አይሸፍንም። የሚሸፍነው የገጨኸውን ሰውና ንብረቱን ነው፣ ያውም እስከ ጣሪያው። አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው ለሞትና ለአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። የዛሬ ውልህ ላይ የተጻፈውን መጠን ቢሮው ጠቋሚ ጣቱን አስቀምጦ እንዲያሳይህ አድርግ። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት ከኪስህ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ዘመናዊ መኪና በር ላይ ብትጋጭ የቀለሙና የመብራቱ ሂሳብ ብቻ ያስደነግጥሃል።

በቀን አሥር ሰዓት ሞተር ላይ ለምትውል ለአንተ እኔ አጥብቄ የምመክርህ የግል አደጋ መድን ነው። ከሦስተኛ ወገኑ ጋር ተጨምሮ ወይም ለብቻው ይገዛል። ብትወድቅ ሕክምናህን፣ ከባሰም የአካል ጉዳትህን ይሸፍናል። ሙሉ ሽፋን ለሞተር ሁሉም ኩባንያ በቀላሉ አይሰጥም፣ ሲሰጥም ውድ ነው። ሞተሩ ያገለገለ ስለሆነ እሱን ትተህ ገንዘብህን በራስህ ሰውነት ላይ ብታውል ይሻላል። ይሄ የእኔ አስተያየት ነው። የመድን ባለሙያ ሌላ ሊልህ ይችላል፣ እኔ ግን ጥቁር አንበሳ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆመው የሚያለቅሱ እናቶችን አይቻለሁ።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ቢገጭህ ተስፋ አትቁረጥ። አዋጁ ለዚህ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎችም ለተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ የድንገተኛ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለባቸው። «መጀመሪያ አስይዝ» ቢሉህ ይህንን አስታውሳቸው። የፖሊስ ሪፖርት ግን በዚያው ቀን አስወጣ፤ ያለ እሱ ፈንዱም ኢንሹራንሱም አያነጋግርህም። ካሳ በፍርድ ቤት ለመጠየቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለህ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ነው። «ይድናል፣ ይስማማል» እየተባለ ስንቱ ቀኑን አሳልፎታል።

መንጃ ፈቃድህ ላይ ደርሰናል። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ አለ፤ በአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ሞተር አይነዳም። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ሞተር ሳይክል የራሱ ምድብ አለው። ዕድሜህ 18 ካለፈ ቆየ፣ እሱ አያሳስብም። ማሠልጠኛ ትመዘገባለህ፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ትወስዳለህ፣ ምድቡን ታስጨምራለህ። መኪና መንዳት ስለምትችል ሥልጠናውን እንዳትንቀው። መኪና ውስጥ ስሕተትህን ቆርቆሮው ይሸከምልሃል። ሞተር ላይ የሚሸከመው ጉልበትህ ነው። ከፒያሳ ወደ ቸርችል ቁልቁል ስትወርድ፣ ክረምት ላይ፣ አስፋልቱ ሲንሸራተት፣ የፊት ፍሬን ብቻ ቀጥ አድርገህ ብትይዝ ምን እንደሚሆን በሥልጠናው ሜዳ ላይ ተማር።

ፈቃዱ እስኪወጣ ሞተሩን አቁመው። «ለጊዜው ሰፈር ውስጥ ብቻ» የሚባል ፈቃድ የለም። የነገርኩህ የኢንሹራንስ ማስመለስም የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በዚያን ቀን አንድ ሕፃን መንገድ ቢገባብህ ከኩባንያው ጋር የምትጨርሰው ዕዳ ዕድሜ ልክህን ይከተልሃል።

ሥራውን በተመለከተ የአዲስ አበባን ሁኔታ ከሌላው ከተማ ለይተህ እይ። አዳማ ወይም ሀዋሳ ያለ ዘመድህ የሚነግርህን አትከተል። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ 30 የከተማ አስተዳደሩ ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ አገደ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ዝርፊያ ነበር። ያኔ ስንት ሐቀኛ ሞተረኛ ከሥራ ውጪ እንደሆነ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ሞተር እዚህ የሚሠራው በፈቃድና በክትትል ነው፤ ለሥራ የሚውለው ጂፒኤስ ይገጠምለታል፣ ሠራተኛውም በማኅበር ወይም በድርጅት ሥር ይታቀፋል። ስለዚህ ሰማያዊው ኮድ 2 ታርጋ ለዴሊቨሪ አይሆንህም። ወደ ኮድ 3፣ ወደ ንግዱ መቀየር አለብህ። ለዚያ ደግሞ የንግድ ፈቃድ ወይም የምትታቀፍበት ድርጅት ደብዳቤ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ስም ለማዞር ከመክፈልህ በፊት፣ ክሊራንሱን ልትጠይቅ በሄድክበት ቀን፣ «ይህ ሞተር ወደ ኮድ 3 ይዞራል ወይ?» ብለህ መስኮቱ ላይ ጠይቅ። ሊብሬውን አሳይተህ ጠይቅ። የነዳጅ ሞተር ከሆነ በተለይ ጠይቅ፣ መንግሥት ወደ ኤሌክትሪክ እየገፋ ነውና። ከሻጩ ጋር ዋጋ ለመነጋገር ያ መልስ ያስፈልግሃል። የማይዞር ከሆነ ሞተሩን ለግል ትነዳው ወይም ብርህን ትቀበል እንደሆነ ያኔ ትወስናለህ። የኤሌክትሪክ ሞተር ብትቀይርም «ድምፅ የለውም፣ ታርጋ አያስፈልገውም» የሚልህን ነጋዴ አትስማው። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀሰውም ባለሞተር ተሽከርካሪ ነው።

ፈቃዱ ሁሉ ተሟልቶም የማትንቀሳቀስባቸው ቀናት አሉ። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር፣ አንዳንዴም ትልልቅ በዓላት ሲደርሱ፣ ፖሊስ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ያስታውቃል። የመረጥከው የፒያሳ–ሜክሲኮ መስመር ደግሞ የጉባኤው አካባቢ ነው። በየካቲት ማስታወቂያውን ተከታተል፤ እነዚያን ቀናት ከገቢህ ሂሳብ ቀንስ። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መስመርም ለአንተ አይደለም፤ ባዶ ቢሆንም አትግባበት።

ትራፊክ ሲያስቆምህ የሚያየው እንግዲህ ይሄ ነው። የሞተር ምድብ ያለው መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ያላለፈበት ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ምስክር ወረቀት፣ በግልጽ የሚነበብ ታርጋ፣ የሥራ ፈቃድህ። ሄልሜት ደግሞ ለአንተም ከኋላህ ለሚቀመጠውም ግዴታ ነው። ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ መንዳት ማድረግ አይደለም፤ ማሰሪያው አገጭህ ሥር ይቆለፍ። ዋናዎቹን ሰነዶች ከዝናብ በሚከላከል ላስቲክ ያዝ፣ ኮፒያቸውን ቤት አስቀምጥ።

ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ብትጋጭ ቦታውን ሳትለቅ ፎቶ አንሳ፣ ትራፊክ ጥራ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካልታወቀ የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በቁጥር 2084፣ ሁለቱንም እኩል እንዳጠፉ ይቆጥርና ጉዳቱን ግማሽ በግማሽ ያካፍላል። ጉዳቱ ተደምሮ ነው የሚካፈለው፤ ስለዚህ በ80 ሺህ ብር ሞተርህና በሚሊዮኖች ብር መኪና መካከል ግማሹ ስንት እንደሚመጣ አስብ። ፎቶና ምስክር ያለው ሰው ከዚህ ግማሽ ይወጣል። መንገድ ላይ «ተዋቸው፣ እንስማማ» ተብለህ ወረቀት ብትፈርምም መጀመሪያ አንብበው።

ነገ ሐሳብህን ሰብስበህ ለሻጩ ደውል። ሚስት ካለችው አብራ እንድትመጣ ንገረው። ክሊራንሱን ካገኛችሁ በኋላ የውሉን ረቂቅ ከመፈረማችሁ በፊት ላክልኝ፣ አይቼ እመልስልሃለሁ። የሊብሬውን የመጀመሪያ ገጽና የውክልናውንም ኮፒ ጨምርበት።